የውሻ ትርዒት

የውሻ ትርዒት ማለት ንጹሕ ዝርያ ያላቸው ውሾች በዳኛ ፊት ቀርበው፣ ለየዝርያቸው ከተጻፈው መስፈርት ጋር እየተመሳከሩ የሚመዘኑበት ውድድር ነው። የፍጥነት፣ የጉልበት ወይም የአደን ውድድር አይደለም። ዳኛው የሚጠይቀው «ከእነዚህ ውሾች መካከል ዝርያውን በትክክል የሚወክለው የትኛው ነው?» ብሎ ነው።

የትርዒቱ የመጀመሪያ ዓላማ ለርቢ የሚሆኑ ውሾችን መምረጥ ነበር። ዛሬም አሸናፊ ውሻ ዋንጫ ከመውሰድ አልፎ ብዙ ቡችሎች እንዲወልድ ይፈለጋል። ስለዚህ ዳኞች የሚመርጡት መልክ ከጥቂት ትውልድ በኋላ የዝርያው ሁሉ መልክ ይሆናል። ከመልኩ ጋር የተያያዘ በሽታ ካለም አብሮ ይተላለፋል። በዘርፉ ለረጅም ጊዜ የቆየው ክርክር የሚነሳው ከዚህ ነው።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

የቃላት ትርጉም

በአማርኛ «ዝርያ» የሚለው ቃል ለሁለት ነገር ያገለግላል። አንደኛው በሥነ ሕይወት ትምህርት እርስ በርስ ተራብተው ፍሬያማ ልጅ የሚወልዱ እንስሳት ስም ነው። በዚህ ትርጉም ትንሿ ቺዋዋም ግዙፉ ግሬት ዴንም አንድ ዝርያ ናቸው፤ ሁለቱም ውሻ ናቸውና። ሁለተኛው ሰው መርጦ በማራባት የለያቸውን የአንድ እንስሳ ዓይነቶች ያመለክታል። በዚህ ጽሑፍ «ዝርያ» የተባለው ሁሉ ሁለተኛው ነው።

ንጹሕ ዝርያ የሚባለው ውሻ እናቱም አባቱም በአንድ ዝርያ የዘር መዝገብ ውስጥ የተመዘገቡ ውሻ ነው። ይህም ማለት «ንጹሕ» የሚለው ቃል ስለ ጤና፣ ስለ ጥንካሬ ወይም ስለ ጠባይ የሚናገረው ነገር የለም፤ የሚናገረው ስለ ወላጆች ምዝገባ ብቻ ነው። ከሁለት የተለያዩ ዝርያዎች የተወለደ ውሻ ክልስ ወይም ድቅል ይባላል።

ከእነዚህ ሁለቱ የሚለይ ሦስተኛ ዓይነትም አለ። በኢትዮጵያ መንደሮች እንደሚታየው ያለ፣ በዘር መዝገብ ሳይመራ በራሱ የሚራባና ለአካባቢው የአየር ጠባይ የተስማማ ውሻ ክልስ አይደለም፤ ከተለያዩ የተመዘገቡ ዝርያዎች መደባለቅ የመጣ አይደለምና። ንጹሕ ዝርያም አይባልም፣ ምክንያቱም መዝገብና መስፈርት የለውም። እንዲህ ያለው የአካባቢ ውሻ ወይም የመንደር ውሻ ይባላል። በዓለም ላይ ካሉት ብዙዎቹ ዝርያዎችም መነሻቸው የአካባቢ ውሻ ነው።

ታሪክ

ሰዎች ውሾችን ለአደን፣ ለጥበቃና ለእረኝነት እየመረጡ ማራባት የጀመሩት በጥንት ዘመን ነው። ያኔ ግን ምርጫው በሥራ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ በጎቹን በደንብ የሚጠብቅ ውሻ፣ መልኩ ምንም ይሁን ምን፣ ለርቢ ይፈለግ ነበር።

መጀመሪያው ዘመናዊ የውሻ ትርዒት ተብሎ የሚታወቀው በሰኔ 1859 በሰሜን እንግሊዝ በኒውካስል ከተማ የተደረገው ነው። የቀረቡት ውሾች 60 ሲሆኑ፣ ሁሉም ፖይንተርና ሴተር የተባሉ የአደን ውሾች ነበሩ። ለአሸናፊዎቹ የተሰጠው ሽልማትም ጠመንጃ ነበር። ቻርልስ ዳርዊን ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈው መጽሐፍ የታተመው በዚያው ዓመት ነው። ዳርዊን ሐሳቡን ለማስረዳት የተጠቀመው በሰው ምርጫ የሚራቡ እንስሳትን ምሳሌ ሲሆን፣ ውሻም ከነዚህ አንዱ ነበር።

በሚቀጥሉት ዓመታት ባቡር በእንግሊዝ መስፋፋቱ ውሾችን ከሩቅ ከተማ ማምጣትን ቀላል ስላደረገ ትርዒቶች በዙ። ነገር ግን የአንድ ውሻ ስም በብዙ ውሾች ይጠራ ስለነበር፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ለማወቅ አስቸጋሪ ሆነ። ይህን ለማስተካከል በ1873 ሰዋሊስ ሸርሊ የተባሉ የፓርላማ አባልና ጓደኞቻቸው በለንደን ኬኔል ክለብን አቋቋሙ። ክለቡ በ1874 የመጀመሪያውን የዘር መዝገብ አሳተመ። አሜሪካን ኬኔል ክለብ በ1884 ተመሠረተ። በ1911 ደግሞ ጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ ቤልጂግ፣ ፈረንሳይና ሆላንድ ተባብረው በፈረንሳይኛ ምህጻሩ «ኤፍ ሲ አይ» የሚባለውን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን መሠረቱ። ጽሕፈት ቤቱ በቤልጂግ አገር በቱዋን ከተማ ነው።

የዘር መዝገብ

የዘር መዝገብ የእያንዳንዱን ውሻ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ቀለም፣ እናትና አባት የያዘ ሰነድ ነው። ከመዝገቡ ወደ ኋላ እየተሄደ የአንድ ውሻ የዘር ሐረግ ይወጣል። እስከ አምስት ትውልድ ወደ ኋላ ሲቆጠር 2 ወላጆች፣ 4 አያቶች፣ 8 ቅድመ አያቶች፣ ከዚያም 16ና 32 በድምሩ 62 ስሞች ይኖሩታል። በተግባር ግን አንድ ስም ሁለት ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ መገኘቱ የተለመደ ነው።

መዝገብ ክፍት ወይም ዝግ ሊሆን ይችላል። በዝግ መዝገብ ወላጆቹ ያልተመዘገቡ ውሻ አይገባም። አብዛኞቹ የታወቁ ዝርያዎች መዝገባቸው ዝግ ነው። ስለዚህ ዛሬ ያሉት የአንድ ዝርያ ውሾች በሙሉ መዝገቡ ሲከፈት ከነበሩት ጥቂት ውሾች የተወለዱ ናቸው፤ አዲስ ደም ከውጭ አይገባም።

የዝርያ መስፈርት

መስፈርት የአንድ ዝርያ ውሻ ምን መምሰል እንዳለበት የሚገልጽ ጽሑፍ ነው። ቁመትን፣ የራስ ቅርጽን፣ ጥርስን፣ ጆሮን፣ ጀርባን፣ ጅራትን፣ ጠጉርን፣ ቀለምን፣ አረማመድንና ጠባይን ይዘረዝራል። ለምሳሌ፦

• በኤፍ ሲ አይ መስፈርት የወንድ ጀርመን ሼፐርድ ቁመት በትከሻው ላይ ሲለካ ከ60 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር፣ የሴቷ ከ55 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ነጭ ቀለም ተቀባይነት የለውም።
• ዳልሜሽን ነጭ ሆኖ ጥቁር ወይም ቡናማ ነጠብጣቦች ሊኖሩት ይገባል። የነጠብጣቡ ስፋት ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ነው።
• በደቡባዊ አፍሪካ የተገኘው ሮዴዢያን ሪጅባክ በጀርባው ላይ ከሌላው ጠጉር በተቃራኒ አቅጣጫ የሚያድግ የጠጉር መስመር ሊኖረው ይገባል። የመጀመሪያው መስፈርቱ የተጻፈው በ1922 ዛሬ ዚምባብዌ በሚባለው አገር በቡላዋዮ ከተማ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ የመስፈርትን አስቸጋሪ ጎን ያሳያል። የጠጉሩን መስመር የሚያመጣው የዘረመል ለውጥ፣ ቡችላው ከቆዳው ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚገባ ቀዳዳ ይዞ እንዲወለድ ሊያደርግ እንደሚችል በ2007 በወጣ ጥናት ታውቋል። መስመር የሌለው ቡችላ ከዚህ ሕመም ስጋት የራቀ ነው፤ በትርዒት ሜዳ ላይ ግን የሚሸነፈው እሱ ነው።

ምድቦች

ዝርያዎች እንደ መነሻ ሥራቸው በምድብ ይከፈላሉ። የእንግሊዙና የአሜሪካው ክለብ እያንዳንዳቸው 7 ምድቦች አሏቸው። ከ340 በላይ ዝርያዎችን የሚያውቀው ኤፍ ሲ አይ ደግሞ 10 ምድቦች አሉት፦

1. የእረኛ ውሾች (ጀርመን ሼፐርድ፣ ኮሊ)
2. ፒንቸር፣ ሽናውዘር፣ ግዙፍ ጠባቂ ውሾችና የስዊስ ተራራ ውሾች (ሮትዋይለር፣ ቦክሰር)
3. ቴሪየሮች
4. ዳክስሁንዶች
5. ስፒትዝና ጥንታዊ ዓይነት ውሾች (ባሴንጂ፣ የከነዓን ውሻ)
6. በማሽተት የሚያድኑና ተዛማጆቻቸው (ቢግል፣ ዳልሜሽን)
7. አደኑን ሲያገኙ ቆመው የሚያመለክቱ (ፖይንተር፣ ሴተር)
8. አደን የሚያስነሱ፣ የተመታውን የሚያመጡና የውሃ ውሾች (ላብራዶር)
9. የቤት ጓደኛ ውሾች (ፑድል፣ ቺዋዋ፣ ፐግ)
10. በዓይናቸው አይተው የሚያሳድዱ ሯጮች (ግሬይሃውንድ፣ ሳሉኪ)

ትርዒቱ እንዴት ይካሄዳል

ውድድሩ እንደ ጥሎ ማለፍ ነው። መጀመሪያ የአንድ ዝርያ ውሾች በጾታና በዕድሜ ተከፍለው ይወዳደራሉ። ከእነሱም የዝርያው ምርጥ ይለያል። የየዝርያው ምርጦች በየምድባቸው ተወዳድረው የምድብ አሸናፊዎች ይወጣሉ። በመጨረሻ የምድብ አሸናፊዎቹ ብቻ ይቀርቡና ከመካከላቸው የትርዒቱ አሸናፊ ይመረጣል። በመጨረሻው ዙር ትንሽ ፑድልና ትልቅ ሮትዋይለር ጎን ለጎን ሊቆሙ ይችላሉ። ዳኛው ግን ሁለቱን በቀጥታ አያወዳድርም፤ ፑድሉ ለፑድል መስፈርት፣ ሮትዋይለሩ ለሮትዋይለር መስፈርት ምን ያህል እንደቀረበ ይመዝናል።

ውሻውን ወደ ሜዳው ይዞ የሚገባው ባለቤቱ ወይም በክፍያ የሚሠራ አቅራቢ ነው። ዳኛው በመጀመሪያ የቆመውን ውሻ ከሩቅ ያያል። ቀጥሎ በእጁ ይመረምረዋል፤ ትናንሽ ውሾች ለዚህ ጠረጴዛ ላይ ይወጣሉ። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል (ያደገ ውሻ 42 ጥርስ አለው)፣ ትከሻውንና ዳሌውን ይዳስሳል፣ ወንድ ከሆነ ሁለቱም ቆለጦች መውረዳቸውን ያረጋግጣል። ከዚያ አቅራቢው ውሻውን በሶምሶማ እያስኬደ ቀጥታና ዙሪያውን ይሄዳል። ጠጉር ሊሸፍነው የሚችል የአጥንት ጉድለት በአረማመድ ላይ ይታያልና፣ ልምድ ያላቸው ዳኞች ለዚህ ክፍል ትልቅ ቦታ ይሰጣሉ። በአሜሪካን ኬኔል ክለብ ሕግ የተኮላሸ ውሻ በዚህ ውድድር አይሳተፍም፤ ዓላማው ለርቢ መምረጥ ነውና።

የሻምፒዮን ማዕረግ በአንድ ቀን አይገኝም። በእንግሊዝ ከሦስት የተለያዩ ዳኞች ሦስት የብቃት ምስክር ወረቀት ማግኘት ያስፈልጋል። በአሜሪካ 15 ነጥብ ይጠየቃል፤ ከዚህም ውስጥ ሁለቱ ድሎች እያንዳንዳቸው ቢያንስ 3 ነጥብ ያላቸውና በተለያዩ ዳኞች የተሰጡ መሆን አለባቸው። የአንድ ዳኛ ዝንባሌ ብቻውን ሻምፒዮን እንዳያደርግ ታስቦ የተሠራ ሥርዓት ነው።

ታዋቂ ትርዒቶች

ክራፍትስ (እንግሊዝ)። በዓለም ትልቁ የውሻ ትርዒት ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከመሥራቹ ከቻርልስ ክራፍት ነው። ክራፍት የውሻ ብስኩት በሚያመርት ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር። በ1891 በለንደን በስሙ በጠራው የመጀመሪያ ትርዒት ወደ 2,000 የሚጠጉ ውሾች ቀረቡ። በ1938 ከሞተ በኋላ ትርዒቱ ወደ ኬኔል ክለብ ተላለፈ። ከ1991 ጀምሮ በበርሚንግሃም ይካሄዳል።

ዌስትሚንስተር (አሜሪካ)። በ1877 በኒው ዮርክ ተጀመረ። በአሜሪካ ሳይቋረጡ ከቆዩ የስፖርት ዝግጅቶች መካከል ከኬንታኪ የፈረስ ግልቢያ ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። የትርዒቱ አሸናፊ የሚለው ሽልማት በ1907 ሲጀመር ያገኘችው ዋረን ሬመዲ የተባለች ፎክስ ቴሪየር ናት። በ1908ና በ1909ም ደግማ አሸንፋለች።

የቅርብ ዘመድ ርቢ

ዝግ መዝገብና የአሸናፊ ውሻ ተፈላጊነት አንድ ላይ ሲሆኑ የቅርብ ዘመዶች መራባታቸው አይቀርም። አንዲት ሴት ውሻ በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ቡችሎች የተወሰኑ ናቸው። አንድ ታዋቂ ወንድ ግን በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ሊኖሩት ይችላል። እያንዳንዱ ውሻ ደግሞ ሳይታወቅበት የሚሸከማቸው ጎጂ ዘረመሎች አሉት። አንድ ጎጂ ቅጂ ብቻውን ብዙ ጊዜ ጉዳት አያመጣም። ቡችላው ከእናቱም ከአባቱም ያንኑ ቅጂ ሲወርስ ግን በሽታው ይገለጣል። የታዋቂው ወንድ የልጅ ልጆች እርስ በርስ ሲራቡ የሚሆነው ይህ ነው።

የመቀራረቡን መጠን ሴዋል ራይት የተባለው አሜሪካዊ የዘረመል ሊቅ በ1922 ባወጣው ቀመር ማስላት ይቻላል። ከአባቱ ተነስቶ በጋራ ቅድመ አያት በኩል እስከ እናቱ ባለው መንገድ ላይ ያሉት እንስሳት ይቆጠራሉ፤ አባቱ፣ እናቱና የጋራው ቅድመ አያት ሁሉ ይቆጠራሉ። ለእያንዳንዱ እንስሳ 1/2 ይባዛል። የጋራ ቅድመ አያቶቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ ውጤቱ ይደመራል።

• በአንድ ወላጅ የሚገናኙ ወንድምና እህት፦ መንገዱ 3 እንስሳት፤ 1/8 ወይም 12.5 በመቶ።
• የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች፦ ሁለት ጊዜ 1/8፤ 25 በመቶ።
• የእኅትማማች ወይም የወንድማማች ልጆች፦ ሁለት ጊዜ 1/32፤ 6.25 በመቶ።

በአበሻ ባህል ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ከዚህ ጋር ቢነጻጸር ልዩነቱ ግልጽ ነው። ሁለቱ ተጋቢዎች ከጋራ ቅድመ አያቶቻቸው እያንዳንዳቸው በሰባት ትውልድ ከራቁና ሌላ ዝምድና ከሌላቸው፣ በዚሁ ቀመር የሚገኘው ቁጥር 0.006 በመቶ ገደማ ነው። በብዙ ዝግ መዝገቦች ውስጥ ግን እስከ ሰባት ትውልድ ተቆጥሮ የማይዛመዱ ሁለት ውሾችን ማግኘት ከባድ ነው። ለምሳሌ የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች ባደረጉት ስሌት፣ በእንግሊዝ ከነበሩት ወደ 10,000 የሚጠጉ ፐጎች ያለው የዘረመል ልዩነት ከ50 የተለያዩ ውሾች ከሚገኘው የማይበልጥ ሆኖ ተገኝቷል።

የዳልሜሽን ጉዳይ

የመዝገብና የጤና ግጭት በግልጽ የታየው በዳልሜሽን ነው። የብዙ አጥቢ እንስሳት ጉበት ዩሪክ አሲድን ወደ ሌላ በቀላሉ የሚሟሟ ነገር ይለውጣል። በንጹሕ ዳልሜሽን ግን ዩሪክ አሲዱ ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል። አንዳንድ ጊዜም ጠጥሮ የሽንት ቧንቧን ይዘጋል፤ በተለይ በወንዶቹ ላይ ለሞት የሚያበቃ ሕመም ነው። ሁሉም የተመዘገቡ ዳልሜሽኖች ሁለቱንም የተበላሹ ቅጂዎች ይሸከሙ ስለነበር፣ በዝርያው ውስጥ የቱንም ያህል ቢመረጥ ጤናማውን ቅጂ ማግኘት አይቻልም ነበር።

በ1973 ሮበርት ሻይብል የተባለው አሜሪካዊ የዘረመል ተመራማሪ አንዲት ዳልሜሽን ከአንድ ፖይንተር ጋር አዳቀለ። ከቡችሎቹ ጤናማውን ቅጂ የያዙትን እየመረጠ በየትውልዱ መልሶ ከንጹሕ ዳልሜሽን ጋር ያራባቸው ጀመር። የፖይንተሩ ድርሻ በየትውልዱ በግማሽ ይቀንሳል፦ 50፣ 25፣ 12.5፣ 6.25፣ ከዚያም በአምስተኛው ትውልድ 3 በመቶ ገደማ ይሆናል። ውሾቹ በመልክ ከሌላው ዳልሜሽን የማይለዩ፣ ሽንታቸው ግን ጤናማ ነበር።

አሜሪካን ኬኔል ክለብ በ1981 ከእነዚህ ሁለቱን መዘገበ። የዝርያው ክለብ አባላት ግን የዘሩ ንጽሕና ይበላሻል ብለው ተቃወሙ፤ ምዝገባውም ቆመ። ነገሩ ለ30 ዓመት ያህል ተንጠልጥሎ ቆየ። በ2008 ችግሩን የሚያመጣው ዘረመል ተለይቶ ታወቀ፤ ጤናማውን ቡችላ በምርመራ መለየትም ተቻለ። የእንግሊዙ ክለብ በ2010፣ የአሜሪካው በ2011 ውሾቹን ተቀበሉ። በአንድ ቡችላ አካል ውስጥ ያለ የአንድ ዘረመል ጉድለት በአንድ ርቢ መታረም ሲጀምር፣ የመዝገቡን ሕግ ማሳመን ግን የአንድ ትውልድ ሰው ዕድሜ ፈጅቷል።

ትችትና የተወሰዱ እርምጃዎች

ነሐሴ 2008 ቢቢሲ ስለ ንጹሕ ዝርያ ውሾች ጤና ዘጋቢ ፊልም አቀረበ። ፊልሙ አንጎላቸው በራስ ቅላቸው ውስጥ የሚጨናነቅባቸውን ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓንየሎችና መተንፈስ የሚቸግራቸውን ደፍጣጣ አፍንጫ ውሾች አሳየ። ከዚያ በኋላ ቢቢሲ ክራፍትስን በቴሌቪዥን ማስተላለፉን ተወ። ከተወሰዱት እርምጃዎች ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

• ኬኔል ክለብ መስፈርቶቹን ከለሰ። ከ2009 ጀምሮም ከወላጅና ልጅ ወይም ከወንድምና እህት የተወለዱ ቡችሎችን መመዝገብ አቆመ።
• በ2012 ክራፍትስ ላይ ስጋት ያለባቸው 15 ዝርያዎች አሸናፊዎች በእንስሳት ሐኪም እንዲመረመሩ ተደረገ። ከነሱ 6ቱ ምርመራውን ባለማለፋቸው ወደ ምድብ ውድድር እንዳይገቡ ተከለከሉ።
• በሆላንድ ከ2019 ጀምሮ አፍንጫቸው ከራሳቸው ርዝመት አንድ ሦስተኛ ያነሰ ውሾችን ማራባት ተከለከለ።
• በኖርዌይ የካቫሊየር ርቢ የእንስሳት ደኅንነት ሕግን ይጥሳል ተብሎ በ2022 በፍርድ ቤት ተወሰነ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2023 ይህንኑ አጸና።
• አሜሪካን ኬኔል ክለብ የባሴንጂን መዝገብ በ1990 ከፍቶ፣ ከዝርያው መነሻ አገር፣ ያኔ ዛኢር ከምትባለው ኮንጎ የመጡ ውሾችን አስገብቷል።

የትርዒት ደጋፊዎች በበኩላቸው፣ ንጹሕ ዝርያ የቡችላውን የወደፊት መጠንና ጠባይ አስቀድሞ ለመገመት እንደሚያስችል፣ ይህም ለማየት ለተሳናቸው መሪ እንደሚሆኑት ላሉ የሥራ ውሾች አስፈላጊ እንደሆነ ይናገራሉ። የዘር መዝገብ ባይኖር ኖሮ በሽታዎቹን ወደ ምንጫቸው ተከታትሎ ማግኘት አስቸጋሪ እንደሚሆንም ያስረዳሉ። ይህ እውነትነት አለው። በ2005 ይፋ የሆነው የውሻ ሙሉ የዘረመል ቅደም ተከተል የተሠራው ታሻ ከተባለች ቦክሰር ነው። እሷ የተመረጠችውም ሁለቱ የዘረመል ቅጂዎቿ በጣም የሚመሳሰሉ በመሆናቸው ሥራውን ስለሚያቀልሉ ነበር።

የምዝገባ ወረቀት ምን ያረጋግጣል

በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ አገር ቡችላ ሲሸጥ «ንጹሕ ዘር ነው» የሚለው ቃል ዋጋ ይጨምራል። ወረቀቱ የሚያረጋግጠው ግን የቡችላውን ወላጆች ማንነት ብቻ ነው። ወረቀት ከሌለ ደግሞ ቃሉ የሻጩ ግምት ነው። ጤናን ለማወቅ ሌሎች ማስረጃዎች ያስፈልጋሉ፦ እንደ ጀርመን ሼፐርድ ባሉ ትልልቅ ዝርያዎች የወላጆቹ ዳሌ የራጅ ውጤት፣ ለዝርያው የሚታወቁ በሽታዎች የዘረመል ምርመራ፣ በዘር ሐረጉ ላይ ተደጋግመው የሚታዩ ስሞች ብዛት፣ እንዲሁም እናቲቱን በአካል ማየት። እናት ያለ ችግር የምትተነፍስ፣ ሳታነክስ የምትራመድና ሰው የማትፈራ ከሆነች፣ ገዢው ከዋንጫ ዝርዝር የማያገኘውን መረጃ ያገኛል።